ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ፦ የመኝታ ተሳቢ ሲጎትቱ ነዳጅ የመቆጠቢያ መመሪያ

ካራቫን የሚባለውን የመኝታ ተሳቢ በፒካፕ እየጎተቱ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ፣ ወይም ጣርማ በር ላይ ተገንጥለው ወደ መንዝ ጓሳ የሚዘልቁ አሽከርካሪዎች ዘወትር አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መኪናው ያለ ተሳቢ የሚበላውና ከተሳቢ ጋር የሚበላው ነዳጅ ይህን ያህል የሚራራቀው ለምንድን ነው? መልሱ በከፊል ከተሳቢው ነው፤ በከፊል ደግሞ ከመንገዱ ነው። ይህ መመሪያ በናፍጣ ለሚሠራ ደብል ገቢና ፒካፕ ወይም ለተመሳሳይ የመስክ መኪና፣ እንዲሁም ክብደቱ እስከ 1,500 ኪሎ ለሚደርስ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ የተዘጋጀ ነው። ባለ ከባድ ተሳቢ የጭነት መኪና የራሱ ሥርዓትና የራሱ ባለሙያዎች ስላሉት እዚህ አልተካተተም።

መንገዱ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከ2,400 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየወጣ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ከፍታው 2,840 ሜትር ይሆናል። ከዚያም በጣሊያን ወረራ ዘመን ተፈልፍሎ የተከፈተው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል። ዋሻውን ሲሻገሩ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርድና 190 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ሲናን፣ 225 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ 1,280 ሜትር ከፍታ ያላትን ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። በዚህች አጭር ርቀት የሚወረደው ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ሲመለሱም ያው ይወጣል። ሸዋ ሮቢት ደርሶ «በጣም ጥቂት ነዳጅ ነው የበላው» ብሎ የሚደሰት ሰው ሂሳቡን ገና አልዘጋም፤ የሄደው ተበድሮ ነውና ብድሩን የሚከፍለው ሲመለስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ጉዞውን እንደ ደርሶ መልስ እንጂ እንደ መሄጃ ብቻ አይመለከቱም።

ደረጃ 1፦ ያለ ተሳቢ ይለኩ

ከማናቸውም ነገር በፊት መኪናው ብቻውን የሚበላውን ማወቅ ያስፈልጋል። ታንኩን ከአንድ ማደያ ሙሉ ያድርጉ፤ ቀጂው ማስገቢያው በራሱ ቆርጦ ሲያቆም እንዲያቆም ይንገሩት፤ እየነቀነቀ እንዳይጨምር። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይመዝግቡ። ደርሰው ሲመለሱ ከዚያው ማደያ፣ መኪናው በዚያው አቅጣጫ ቆሞ እንደገና ሙሉ ያድርጉና የተቀዳውን ሊትር ይጻፉ። ለምሳሌ 450 ኪሎ ሜትር ተጉዘው 45 ሊትር ቢገባ፣ መኪናው በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ከተሳቢው ጋር በዚያው መንገድ 60 ሊትር ቢበላ በሊትር 7.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የነዳጅ ፍጆታ ቁጥር ለማነጻጸር ይረዳ ይሆናል እንጂ የተቀዳውን ሊትር አይተካም።

የተሳቢው ስፋትና ቁመት መኪናውን ከኋላ የሚያሳድደው ግድግዳ ስለሆነ፣ ፍጆታው አንድ ሦስተኛ ያህል ቢጨምር መኪናው ተበላሸ ብለው መካኒክ ዘንድ አይሩጡ። ይልቁንም ያለ ተሳቢው ራሱ የሚበላው ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢጨምር ያኔ የአየር ማጣሪያውን፣ ፍሬኑንና ኢንጀክተሩን ማስፈተሽ ይገባል።

ደረጃ 2፦ ጭነቱን ያመዛዝኑ

ክብደት ላይ ሰው ከመጠን በላይ ይጨነቃል፣ ወይም ጭራሽ አይጨነቅም። በስሌት እናስቀምጠው። ፒካፑ ከነተሳፋሪው 2,300 ኪሎ፣ ተሳቢው 1,200 ኪሎ፣ በድምሩ 3,500 ኪሎ ይሁን። አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 36 ሜጋ ጁል የሚጠጋ ጉልበት አለው፤ ሞተሩ ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ለጎማ ያደርሳል ብለን ብናሰላ፣ ይህን ክብደት ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር 1,800 ሜትር ለማንሣት ብቻ 5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ነፋሱን መግፋትና ጎማውን ማሽከርከር ከዚህ ውጭ ነው። በዚሁ ስሌት እያንዳንዱ 100 ኪሎ ለዳገቱ ብቻ ወደ 0.15 ሊትር ያስከፍላል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተሳቢው የውኃ ታንከር 100 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ከአዲስ አበባ ሞልቶ መነሣት ምክንያት የለውም፤ ሸዋ ሮቢት ደርሶ መሙላት፣ ሲመለሱም አፍስሶ መውጣት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ከሸዋ ሮቢት አንድ ኩንታል ሽንኩርት ገዝቶ መመለስ ብዙዎች እንደሚፈሩት ነዳጅ አያቃጥልም፤ በዳገቱም በቀረውም መንገድ ተደምሮ ከግማሽ ሊትር አይበልጥም። ዘመድ አዝማድ ባዶ እጅ አትምጣ የሚል ከሆነ በሽንኩርቱ ላይ መሰሰት ተገቢ አይመስለኝም። ጥፋቱ ያለው ኩንታሉን ጣሪያው ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላ በሚባለው ላይ አስሮ መውጣት ላይ ነው፤ ምክንያቱን በደረጃ 4 እመለስበታለሁ።

ክብደቱ የት እንደተቀመጠም ይታይ። ከባድ ዕቃ በተሳቢው ጎማዎች ትይዩ፣ ዝቅ ብሎ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ተሳቢው ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ጋንቾ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ይሁንና መኪናው ለጋንቾ ከሚፈቅደው መጠን መብለጥ የለበትም። ለመለካት የእህል መጋዘን ሚዛን ይበቃል፤ ተሳቢው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማዎቹ ታኮ ተደርጎላቸው፣ የመጎተቻው ጫፍ ከመኪናው ጋር ሲያያዝ በሚኖረው ቁመት ሚዛኑ ላይ ያርፍ። ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል፤ ይህ ከነዳጁ በፊት ሕይወትን የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ነዳጅ ራሱ ክብደት ነውና በግማሽ ታንክ ልሂድ የሚሉ አሉ። 40 ሊትር ናፍጣ ከ34 ኪሎ አይበልጥም፤ ለዳገቱ የሚያስከፍለው የሻይ ማንኪያዎች ያህል ነው። በመንገድ ላይ ማደያ ሰልፍ ይዞ ሞተር ሳያጠፉ መቆም ግን በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ይበላል። ስለዚህ ታንኩን ሞልተው ይነሡ።

ደረጃ 3፦ ጎማና ኩሽኔታ

ንፋስ ያነሰው ጎማ ይለመጣል፣ ይሞቃል፣ ያ ሙቀት ደግሞ ከናፍጣው የተወሰደ ነው። የተሳቢው ጎማ ከመኪናው ጎማ የተለየ ግፊት ሊፈልግ ስለሚችል በተሳቢው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ፤ ጎሚስታው «ለሁሉም እኩል ልስጠው» ሲል እሺ አይበሉ። የሚለካው ጠዋት፣ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማው ግፊት ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይቀንሳል፤ በሌላ በኩል ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ከፍ አድርጎ ያነባል። ሁለቱ በከፊል ይጠፋፋሉ፤ ነገር ግን ከሸዋ ሮቢት የቀን ሙቀት ተነሥቶ የደብረ ብርሃን ንጋት ብርድ ላይ ያደረ ጎማ በድምሩ ቀንሶ ይገኛል። ደብረ ብርሃን ካደሩ ጠዋት እንደገና መለካት ያለብዎት ለዚህ ነው። በጉዞ ላይ የሞቀን ጎማ «በዛበት» ብሎ ማስተንፈስ ግን ስህተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛል።

ተሳቢ ወራት ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይከርምና ድንገት ጉዞ ይታዘዝበታል። በዚህ ጊዜ ጎማው የሚሽከረከርበት የኩሽኔታው ግራሶ ደርቆ፣ ፍሬኑም ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ መኪናው ለምን እንደከበደው ሳይገባኝ ሸኖ ድረስ ሄጃለሁ፤ የተሳቢው የእጅ ፍሬን በአንድ ወገን አልለቀቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ በቅቤዋ የምትታወቀው ሸኖ ላይ ለቁርስ ስቆም የሁለቱንም ጎማዎች መሀል በእጅ ጀርባ ቀረብ አድርጌ ሙቀታቸውን ሳላነጻጽር አልቀመጥም። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሞቀ ከሆነ ወይ ኩሽኔታው ነው ወይ ፍሬኑ፤ ከጣርማ በር በፊት መታወቁ ዕድል ነው።

ደረጃ 4፦ ከነፋሱ ጋር ያለውን ሂሳብ ያስተካክሉ

በሜዳ መንገድ ላይ ዋናው የነዳጅ በላተኛ ነፋስ ነው። የነፋስ ተቃውሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ80 ከሚሄደው 56 በመቶ የበለጠ ተቃውሞ ይገጥመዋል። ይህ ቁጥር ብቻ ነው ብሎ የሚያልፈው ካለ፣ ከሰንዳፋ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስብ፤ በ100 ሄዶ በ80 ከሄደው ሰው የሚቀድመው ከ15 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። ሕጉ ለተሳቢ የሚፈቅደው ከዚህም ዝቅ ያለ በሆነበት ቦታ ደግሞ ሕጉ ይቀድማል።

የሚመጣው ነፋስም እንደ ፍጥነት ይቆጠራል። በ80 ሲሄዱ ከፊት 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ ካለ መኪናው ነፋሱን የሚጋፈጠው በ100 እንደሚሄድ ሆኖ ነው። ከሰንዳፋ በኋላ ያለው ሜዳ ገላጣ ስለሆነ፣ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከሚበረታበት ከቀትር በኋላ ይልቅ በማለዳ ማለፍ ይመረጣል።

ጣሪያ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ነፋስ ይጋፈጣልና፣ ፖርቶ መጋላው ባዶ ከሆነ ያውልቁት፤ ፍራሽ፣ ስኮርታ ጎማና ኩንታል ሁሉ ወደ ፒካፑ ጭነት ክፍልና ወደ ተሳቢው ውስጥ ይግባ። የፒካፑን ጀርባ በሸራ አጥብቆ መሸፈን፣ በነፋስ የሚርገበገብ የሸራ ጫፍ አለመተው፣ የተሳቢውን መስኮቶችና የጣሪያ ቀዳዳ መዝጋት ቀላል ሥራ ነው፤ ቢሆንም ያለ ገንዘብ የሚገኝ ቁጠባ ነው።

የከፍታው ነገር እዚህ ላይ በበጎም በክፉም ይነሣል። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ መኪናው የሚገፋው ነፋስ በዚያው ልክ ይቀላል። ያው ስስ አየር ግን አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባው ቱርቦ የሌለውን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ይነጥቀዋል። ቱርቦ ያለው የሚጎዳው በጥቂቱ ነው። ቱርቦ የሌለውን አሮጌ የናፍጣ መኪና የሚነዱ ከሆነ የጭስ ማውጫውን በመስታወት ይመልከቱ፤ ጥቁር ጭስ ከወጣ ሳይቃጠል የሚወጣ ናፍጣ ነው። ጭሱ እስኪጠፋ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀለል ያድርጉ፤ የሚገርመው ፍጥነቱ ብዙም አይቀንስም፤ ቀድሞውንም የሚያቃጥለው አየር አልነበረውምና።

ደረጃ 5፦ የጣርማ በር ቁልቁለት

ይህ ክፍል በረዘመው ልክ ነው የሚጠቅመው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚነገር አንድ የቆየ «ብልሃት» አለ። በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ ለቆ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ነው። በማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ፣ ዘመናዊው ሞተር ናፍጣ መርጨቱን ፈጽሞ ያቆማል፤ አሮጌው ፖምፓም ቢሆን ዙሩ ከፍ ባለ ጊዜ ናፍጣውን ይቆርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ሲደረግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ለማዞር ናፍጣ መጠጣት አለበት። ስለዚህ በፎሌ የወረደው ሰው ቆጠብሁ ሲል እየከፈለ ነው። ደግሞም ተሳስተን ቢሆን እንኳ በጠቅላላው ቁልቁለት የሚያከራክረው ናፍጣ አንድ ሊትር አይሞላም።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ከላይ እንዳሰላነው 3,500 ኪሎውን ወደ ጣርማ በር ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት ሲወረድ የትም አይጠፋም፤ ወይ በነፋስና በጎማ ይበላል፣ ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። ሞተሩን በፎሌ ከሥራ ያሰናበተ አሽከርካሪ የሞተሩን ድርሻ ሁሉ ለፍሬን ሰጥቷል። ፍሬን ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ተሳቢ ከኋላ እየገፋ ያ ሲሆን ማሰብ አይቻልም።

አወራረዱ እንደሚከተለው ነው። ዋሻው ከመድረሱ በፊት ፍጥነት ይቀንሱና መብራት ያብሩ፤ ጣርማ በር ጉም የሚበዛበት ስለሆነ መብራቱ ለዋሻው ብቻ አይደለም። ዋሻውን እንደወጡ፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር፣ ያንን ቦታ ሽቅብ ቢሆን ኖሮ ይወጡበት የነበረውን ማርሽ ያስገቡ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በእጅ ዝቅ አድርገው ይያዙት። ፍጥነቱ ሲያድግ ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ይርገጡና ፍጥነቱ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፤ ቀለል አድርጎ ሳይለቁ እየጫኑ መውረድ ፍሬኑን ያለ ዕረፍት ያነድደዋል። ከኋላ የሚያስጨንቅ መኪና ካለ ቦታ ሲገኝ ዳር ይዘው ያሳልፉት። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት ሲቆሙ የተሳቢውን ጎማዎች መሀል እንደገና ይመልከቱ፤ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ካለ እስኪቀዘቅዝ ይቆዩ፤ ውኃ አይድፉበት።

ደረጃ 6፦ ዳገቱን መመለስ

ከሸዋ ሮቢት በማለዳ ይነሡ። ቆላው ከመሞቁ በፊት የተጀመረ ዳገት ለራዲያተሩም ለተሳፋሪውም ይቀላል፤ አየር ማቀዝቀዣውንም ሳያበሩ መውጣት ይቻላል።

በዳገት ላይ ነዳጅ የሚቆጠበው በከፍተኛ ማርሽ በመጨነቅ አይደለም። ሞተሩ እየተንገጫገጨ በዝቅተኛ ዙር ሲጎትት ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ፍሪሲዮኑና ሞተሩም ይጎዳሉ። ሞተሩ ሳይጮህም ሳያቃስትም የሚጎትትበትን ማርሽ ፈልገው እግርዎን ሳያወዛውዙ ይያዙ። ከፊት የጭነት መኪና እየተንፏቀቀ ከሆነ ተጠግተው ቆም ሂድ ከማለት ርቀት ሰጥተው በራስዎ ወጥ ፍጥነት ይከተሉ፤ ዳገት ላይ ተሳቢ ይዞ ቆሞ እንደገና መነሣት ለናፍጣም ለፍሪሲዮንም ከሁሉ የከፋው ነው። መቆም ግድ ከሆነ ረዳቱ ለመኪናውም ለተሳቢውም ታኮ ያድርግ።

የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ከሄደ አየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ አንድ ማርሽ ዝቅ ብለው ፍጥነት ይቀንሱ። ካልወረደ ሜዳ ቦታ ላይ ይቁሙ፤ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ጥቂት ደቂቃ ካሠሩ በኋላ ያጥፉት። የራዲያተሩን ክዳን ሳይቀዘቅዝ መክፈት ፊት ያቃጥላል። አንዴ የሞተሩ ማሸጊያ ጋርኒሲዮን ከተቃጠለ የዓመት የነዳጅ ቁጠባ ለጥገናው አይበቃም።

ደረጃ 7፦ ወደ ጓሳ ለሚገነጠሉ

የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚሄድ መኪና የሸዋ ሮቢትን ቁልቁለት ከመውረድ ይድናል፤ ነገር ግን በስስ አየር ውስጥ ረጅም ሰዓት ይሠራል። መንገዱ ኮረኮንች በሆነበት ቦታ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነፋስ ከሂሳቡ ይወጣል፤ የጎማ መንከባለልና የማርሽ መቀያየር ይበዛል። በበጋ ከጉዞው በኋላ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ከአቧራ ያራግፉ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ተሳቢውን ደብረ ብርሃን አስተማማኝ ግቢ ውስጥ ትቶ በድንኳን ማደር የእኔ ምርጫ ነው፤ ብርዱን ለሚችል።

ደረጃ 8፦ መዝግቦ ማነጻጸር

አዲስ አበባ ሲመለሱ ከተነሡበት ማደያ ታንኩን ይሙሉና ሊትሩን ከኪሎ ሜትሩ ጋር ይጻፉ። ከጎኑ የተሳፋሪውን ብዛት፣ የጭነቱን ዓይነት፣ በሜዳው ላይ የያዙትን ፍጥነትና ነፋሱ ከፊት ወይም ከኋላ እንደነበር ያስፍሩ። በሚቀጥለው ጉዞ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፦ ፍጥነቱን ከ90 ወደ 80 ካወረዱ ጭነቱ እንዳለ ይቆይ፤ ፖርቶ መጋላውን ካወለቁ ፍጥነቱ አይነካ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ልዩነቱ ከየትኛው እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም። ሸዋ ሮቢት ላይ በመሀል የቀዱ ከሆነ ያንንም ሊትር ይደምሩ፤ መሄጃውንና መመለሻውን ለየብቻ ያሰሉ ከሆነም በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ቢያዩ አይገረሙ፣ የሚያዝ ቁጥር ድምሩ ነው።